በወረቀት ላይ የተረፉ ጀልባዎች፦ የአድሚራል ኤድሞን ፓሪ ሕይወትና ሥራ



በምሕንድስና ሙያ ያደገ ሰው ማንኛውም ሥራ ከመሠራቱ በፊት መነደፍ እንዳለበት አምኖ ይኖራል። ድልድዩም፣ ግድቡም፣ ሕንፃውም አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይቆማል፤ በምድር ላይ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ከሠራቸው ጠቃሚ ነገሮች መካከል የሚበዙት ንድፍ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ሠሪው መጠኑን በክንዱና በስንዝሩ፣ ቅርጹን በዓይኑ፣ ምክንያቱን ደግሞ ከአባቱ በሰማው ቃል ይዞ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ዕውቀት ሠሪው በሕይወት እስካለ፣ ሥራውም ፈላጊ እስካገኘ ድረስ ሙሉ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ግን ያለ ምስክር ይጠፋል።

በዚህ ንግግር ሕይወታቸውና ሥራቸው የሚወሳው ሰው ይህን አደጋ ከብዙዎች ቀድመው የተረዱ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። እኚህ ሰው የፈረንሳይ ምክትል አድሚራል ፍራንሷ ኤድሞን ፓሪ ናቸው። በማዕርግ አድሚራል ይሁኑ እንጂ በዝንባሌያቸው ነዳፊ፣ በሙያው አነጋገር ድራፍትስማን የሚባሉት ዓይነት ሰው ነበሩ። ጀልባ ይወዱ ነበር፤ የወደዱትን ደግሞ አይቶ በማድነቅ ብቻ አላለፉትም፤ ለክተው በወረቀት ላይ አሰፈሩት።

ኤድሞን ፓሪ በ1806 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1820 ዓ.ም.፣ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአንጉሌም ከተማ በነበረው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገቡ። አንጉሌም ማዕበል የማይታይባት የመሐል አገር ከተማ ስለ ነበረች፣ ተማሪው ባሕርን አስቀድሞ የሚያውቀው በመጽሐፍና በሥዕል ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕል መሣል ለባሕር ኃይል መኮንን የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አልነበረም። ፎቶግራፍ ገና ለሕዝብ ስላልቀረበ፣ የባሕር ዳርቻን መልክ፣ የወደብን አገባብና የደሴትን አቀማመጥ ለመዝገብ የሚያበቃው የመኮንኑ እርሳስ ብቻ ነበር። እጁ ያልሠለጠነ መኮንን ያየውን ለሌላ ሰው ማሳየት አይችልም ነበር።

ወጣቱ መኮንን ሙያቸውን በእውነተኛ ባሕር ላይ የፈተኑት በ1826 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዱሞን ዱርቪል የሚባለው መርከበኛ በሚያዘው አስትሮላብ በተባለው መርከብ ተሳፍረው ወደ ሰላማዊው ውቅያኖስ ተጓዙ። የጉዞው ዓላማ ሁለት ነበር። አንደኛው የደሴቶቹን ካርታ ማንሣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በ1788 ዓ.ም. ከሁለት መርከቦቹ ጋር የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ የቀረውን ላ ፔሩዝ የተባለውን ፈረንሳዊ አሳሽ ዱካ መፈለግ ነበር። በ1828 ዓ.ም. በቫኒኮሮ ደሴት አጠገብ የእነዚያ መርከቦች ቅሪት ተገኘ። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ መርከቦች የቀረው በባሕር ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ መልሕቅና መድፍ ብቻ ነበር። ብረቱ ሲተርፍ እንጨቱ አልተረፈም። በእንጨት፣ በገመድና በቅጠል የሚሠራ ማንኛውም ነገር ዕድሉ ይኸው መሆኑን ለሚያስተውል ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

አስትሮላብ በ1829 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ፓሪ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ላፕላስ የተባለው አዛዥ በሚመራው ላ ፋቮሪት በተባለው መርከብ እንደገና ዓለምን ለመዞር ተነሡ፤ ይህም ጉዞ እስከ 1832 ዓ.ም. ቆየ። ሦስተኛውን የዓለም ዙሪያ ጉዞ ደግሞ ከ1837 እስከ 1840 ዓ.ም. በዚያው በላፕላስ አዛዥነት አርቴሚዝ በተባለው የጦር መርከብ አደረጉ። በሦስቱ ጉዞዎች ከስምንት ዓመት በላይ በባሕር ላይ አሳልፈዋል። በእነዚህም ዓመታት የዐረቦቹን ባለ ሸራ መርከቦች፣ የሕንድን የባሕር ዳር ጀልባዎች፣ የማሌዎቹን ፕራሁ፣ የቻይናን ጃንክና የሰላማዊውን ውቅያኖስ ታንኳዎች እየለኩ ነደፉ።

የተጠናቀቀ ጀልባን መለካት ቤትን ከመለካት የከበደ ሥራ መሆኑን ንድፍ የሠራ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። ቤት ቀጥ ያለ ግድግዳና ማዕዘን አለው፤ ጀልባ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መሥመር አይገኝለትም። ስለዚህ ለኪው ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ መሐል ለመሐል ገመድ ይወጥራል፤ ገመዱን በእኩል ክፍሎች ይከፍላል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ወደ ጎንና ወደ ታች ያለውን ርቀት እየለካ ይመዘግባል። ቁጥሮቹ ወደ ወረቀት ሲመለሱ ሦስት ገጽታዎች ይወጣሉ፤ እነርሱም ከጎን የሚታየው፣ ከላይ የሚታየውና አካሉ ለሁለት ተቆርጦ ከፊት ለፊት የሚታየው ናቸው። በአንዱ ገጽታ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ከገባ ሁለቱ ያጋልጡታል፤ መሥመሩ ይጎብጣል ወይም ሳይገናኝ ይቀራል። የዘመኑ ተጓዦች የሣሏቸው ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን የሚያምሩ ሥዕሎች ነበሩ፤ ፓሪ የተዉልን ግን ልኬት ያላቸው ንድፎች ናቸው። ሥዕል አይቶ ጀልባን ማድነቅ ይቻላል፤ ጀልባን መልሶ ለመሥራት ግን ንድፍ ያስፈልጋል። የዚህ ሰው ሥራ ዋና ቁም ነገር በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህን ልዩነት ሁለት ምሳሌዎች ግልጽ ያደርጉታል።

የመጀመሪያው ምሳሌ በሕንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኮሮማንዴል የሚሠራው ማሱላ የተባለው ጀልባ ነው። በዚያ ዘመን በማድራስም ሆነ በፖንዲሼሪ መርከብ ተጠግቶ የሚቆምበት ወደብ አልነበረም፤ ሰውና ዕቃ በሚሰበር ማዕበል መካከል በጀልባ ይወጣና ይወርድ ነበር። በሚስማር የተመታና ጠንካራ አጥንት ያለው የአውሮፓ ጀልባ በዚያ ማዕበል ከአሸዋው ጋር ሲጋጭ ይሰነጠቃል። ማሱላ ግን ሚስማር የለውም፤ ሳንቃዎቹ በኮኮናት ገመድ እርስ በርሳቸው የተሰፉ ናቸው። ከውስጥ ግትር አጥንት ስለሌለው ሲመታ ይታጠፋል፤ ከታጠፈም በኋላ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። በችኮላ የሚያይ ሰው ስፌቱን የብረት እጦት ምልክት አድርጎ ይገምተዋል፤ ለክቶ የሚነድፍ ሰው ግን የችግሩ መፍትሔ መሆኑን ያስተውላል።

ሁለተኛው ምሳሌ በሰላማዊው ውቅያኖስ የካሮላይን ደሴቶች ነዋሪዎች የሚሠሩት ባለ ሸራ ታንኳ ነው። የአውሮፓ መርከብ ነዳፊ ከላይ የሚታየውን ገጽታ ሲነድፍ የአካሉን ግማሽ ብቻ ያወጣል፤ ቀኝና ግራው አንድ ስለሆነ ሁለተኛውን መድገም ወረቀት ማባከን ነው። የካሮላይን ታንኳ ግን በአንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ፣ በሌላው ጎኑ ሆዳም ነው። ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ከአካሉ ርቆ በእንጨት የተያያዘ ተንሳፋፊ ግንድ አለው፤ ግንዱ ምንጊዜም ነፋስ በሚመጣበት ወገን መሆን ስላለበት ታንኳው አቅጣጫ ሲለውጥ አይዞርም፤ ሸራው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዛወርና ኋላው ፊት ይሆናል። የሁለቱ ጎኖች አለመመሳሰልም ተንሳፋፊው ግንድ በአንድ ወገን የሚያመጣውን ጉተታ ለማቻቻል ይረዳል። በግማሽ ንድፍ ልማድ የሠለጠነ ሰው ያን ታንኳ ቢነድፈው፣ ሠሪዎቹ በብዙ ትውልድ የደረሱበትን ብልኃት በአንድ መሥመር በሰረዘው ነበር። የነዳፊ የመጀመሪያ ግዴታ ያወቀውን ትቶ ያየውን መንደፍ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሦስተኛው ጉዞ ላይ ፓሪን ከባድ አደጋ አገኛቸው። በሕንድ አንድ ፋብሪካ በመጎብኘት ላይ ሳሉ የመኪና ጥርስ ግራ እጃቸውን ያዘው፤ እጃቸውንም አጡ። በጠረጴዛ ላይ ንድፍ ለሠራ ሰው የዚህ ጉዳት ትርጉም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀኝ እጅ መሥመር ሲያወጣ ማስመሪያውን አጥብቆ የሚይዘው፣ ወረቀቱን የሚያቀናው፣ በባሕር ላይም መርከቡ ሲዋዥቅ ጠረጴዛውን የሚጨብጠው ግራ እጅ ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳውን ጥቂት አልፎ ነበር። ሥራቸውን ለመተው ከበቂ በላይ ምክንያት ነበራቸው።

ሆኖም ትልቁ ሥራቸው የወጣው ከአደጋው በኋላ ነው። ከጉዞው እንደተመለሱ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአውሮፓ ውጭ የሚኖሩ ሕዝቦች ስለሚሠሯቸው መርከቦችና ታንኳዎች የሚያስረዳ ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ከመጽሐፉ ጋር የወጣው የንድፍ ስብስብ ከ130 የሚበልጡ ትላልቅ ገጾች አሉት። ከእስያ፣ ከማሌዎች አገርና ከሰላማዊው ውቅያኖስ ጀምሮ እስከ አሜሪካ ድረስ ያሉ ጀልባዎች ከነሸራቸው፣ ከነመቅዘፊያቸውና ከነገመድ አያያዛቸው በልክ ተነድፈው ይገኙበታል። ከዚያ በፊት በአውሮፓ መርከብ ሥራ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ልዩ ትዕይንት ከመታየት በቀር ቦታ ያልነበራቸው ጀልባዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ምሕንድስና ሥራ ተቆጠሩ።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ቅራኔ አለ። እነዚያ ጉዞዎች የሰላም ጉዞዎች ብቻ አልነበሩም። አርቴሚዝ በ1839 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴቶች ወደብ ቆሞ፣ አዛዡ ላፕላስ በመድፍ ኃይል እያስፈራራ የአገሩን መንግሥት ጥያቄውን እንዲቀበልና ገንዘብ በመያዣነት እንዲያስቀምጥ አስገድዷል። የደሴቶቹን ሥልጣኔ የሚነካው መድፍና የሠሪዎቻቸውን ብልኃት የሚመዘግበው ማስመሪያ በአንድ መርከብ ተሳፍረው ነበር። ከዚህም በላይ ፓሪ ራሳቸው በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ውስጥ የእንፋሎት ኃይል ካስፋፉት መኮንኖች አንዱ ነበሩ። ባለ እንፋሎት መርከቦችን አዝዘዋል፤ ከቦንፉ ጋር ሆነው ስለ ባለ ሸራና ስለ ባለ እንፋሎት መርከቦች የሚያስረዳ ሰፊ መዝገበ ቃላት በ1840ዎቹ መጨረሻ ላይ አዘጋጅተዋል። እንግዲህ በአንድ ወገን ሸራን የሚያስወግደውን መኪና ሲያስፋፉ፣ በሌላው ወገን ሊወገድ የተቃረበውን ጀልባ ይነድፉ ነበር።

ይህን እንደ ግብዝነት መቁጠር ትክክል አይሆንም። አዲሱ እየመጣ መሆኑን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው አዲሱን የሚያመጣው ሰው ነው። ምን እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማየት የሚችለውም እርሱ ነው። መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ቤት እንደሚፈርስ ከነዋሪው ቀድሞ ያውቃል። ያወቀውን ከማፍረሱ በፊት ለክቶ መመዝገብ ወይም ዝም ብሎ ማለፍ የእርሱ ምርጫ ነው። ፓሪ መመዝገብን መረጡ።

ከዚያ በኋላ የነበረው የአገልግሎት ዘመናቸው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በክሪሚያ ጦርነት ተካፍለዋል፤ በ1863 ዓ.ም. ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተመርጠዋል፤ በ1864 ዓ.ም. የምክትል አድሚራልነት ማዕርግ አግኝተው የባሕር ኃይሉን የካርታና የፕላን መሥሪያ ቤት መርተዋል። በ1871 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት ነበር።

ብዙ ሰው ዕረፍት በሚጀምርበት በዚያ ዕድሜ እርሳቸው በሉቭር የነበረውን የባሕር ቤተ መዘክር የመጠበቅ ኃላፊነት ተቀበሉ። በወጣትነታቸው ያነሷቸውን ንድፎች መሠረት በማድረግ የሩቅ አገር ጀልባዎችን ሞዴሎች በቤተ መዘክሩ አሠሩ። ይህ የሥራቸው እውነተኛ ፈተና ነበር። ንድፉ ልክ ባይሆን ኖሮ፣ ጀልባውን አይቶ የማያውቅ የፓሪስ አናጢ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ በወረቀቱ ብቻ ተመርቶ ሞዴሉን ሊያቆመው አይችልም ነበር። ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የባሕር ትዝታዎች የተሰኘውን ብዙ ቅጽ ያለውን የፕላን ስብስብ ማውጣት ጀመሩ። በርእሱ ሥር የተጻፈው ማብራሪያ በጊዜው ያሉትንም ሆነ የጠፉትን መርከቦችና ጀልባዎች ፕላን፣ ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ቁጥሮች ጋር መያዙን ይገልጻል። ለመሥራት የሚያስፈልጉት ቁጥሮች የሚለው አባባል የሰውየውን ሐሳብ በሙሉ ያጠቃልላል። ለመታሰቢያ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን አንድ ሰው መልሶ ሊሠራው ቢፈልግ እንዲቻለው ነው። በ1893 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለዩም።

የጠበቁት ቤተ መዘክር በኋላ ከሉቭር ወደ ሻዮ ሕንፃ ተዛውሮ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በ2010 ዓ.ም.ም የእርሳቸውን ሥራ ለሕዝብ የሚያሳይ ልዩ ትርኢት አቅርቧል። በንድፎቻቸው ላይ ከሚታዩት ጀልባዎች ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ በውኃ ላይ አይታዩም፤ የሚገኙት በወረቀት ላይ ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ በአገራችን ለሚገኝ የሙያ ማኅበር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ከጣና ዳር ይጀምራል። የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። የደረቀ ደንገል በነዶ እየታሰረ፣ ነዶው ከነዶ ጋር እየተጠፈረ፣ ፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ላይ ይቀናል። የሚንሳፈፈው እንደ ሳንቃ ጀልባ ውኃ እንዳይገባበት ተደርጎ ስለ ተሠራ ሳይሆን፣ የደንገሉ ልብ አየር ስለሚይዝ ነው። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ከዚህም የተነሣ ሥራው የሚኖረው ዘወትር በአዲስ በመሠራቱ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ የታወቁት የወይጦ ሰዎች ልጆች ሙያውን ቢተዉት፣ ወይም የሐይቁ ዳር ደንገል ቢመናመን፣ የሚቀር አሮጌ ታንኳ እንኳ አይኖርም።

የጣና ደንገል ለዓለም ያሳየው አንድ ፈተናም አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ዓ.ም. ራ የተባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ቅርጹ የተወሰደው ከጥንታውያን ግብፃውያን ሥዕሎች ነበር። በሥዕሎቹ ላይ ወደ ላይ የተቆለመመውን የጀልባውን ኋላ ወደ ወለሉ የሚያስር አንድ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ በጀልባው ላይ ተዘነጋ። ጀልባው ከሞሮኮ ተነሥቶ ጥቂት ሳምንታት ከተጓዘ በኋላ ኋላው እየዘቀጠ ሄደ፤ ገመዱ እንደ ምንጭ ብረት ሆኖ ኋላውን ወደ ላይ የሚይዝ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ራ ከመድረሻው ሳይደርስ ተተወ። በ1970 ዓ.ም. የተሠራው ሁለተኛው ራ ግን አትላንቲክን አቋርጦ ባርቤዶስ ደረሰ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የነበረው ሣዓሊ የገመዱን ምክንያት ይወቅ ወይም አይወቅ አይታወቅም፤ ያየውን መሥመር ስላልተወው ግን መልሱ በግድግዳው ላይ ተጠብቆ ነበር።

ንድፍ ሁሉን ነገር እንደማይዝ መታመን አለበት። የሠሪው እጅ ገመዱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚስብ፣ ደንገሉ በየትኛው ወር መቆረጥ እንዳለበት፣ የደረቀው በምን ምልክት እንደሚታወቅ በማስመሪያ አይለካም። ይህን ለማወቅ ሠሪውን ጠይቆ መልሱን ከንድፉ ጎን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ለዚያም ሠሪው በሕይወት መኖር አለበት። ጊዜው አጭር የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ በየክፍለ ሀገሩ ለሥራ የሚሰማሩ መሐንዲሶችና ነዳፊዎች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። የውኃ ሥራ የሚሠራው በኮንሶ የእርከን ግንብ አጠገብ ያልፋል፤ መንገድ የሚቀይሰው በዶርዜ ከቀርከሃ የተፈተለውን ረጅም ቤት ያያል፤ የወደብ ሥራ ወደ ጣና የወሰደው ታንኳውን በየቀኑ ይመለከታል። የመለኪያ ሜትሩም፣ መመዝገቢያ ደብተሩም፣ የሠለጠነው እጅም አብረውት ናቸው። ከእያንዳንዱ አባል በአገልግሎት ዘመኑ አንድ ብቻ፣ ነገር ግን በሦስት ገጽታ፣ በልክና ከሠሪው ቃል ጋር የተመዘገበ ሥራ ቢገኝ፣ ማኅበሩ በአንድ ትውልድ ውስጥ ማንም ሊተካው የማይችለው መዝገብ ይኖረዋል። ኤድሞን ፓሪ ይህን የጀመሩት ማንም ሳያዛቸው ነው፤ ሁለት እጅ ሳላቸው ጀምረው በአንድ እጅ ፈጽመውታል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን አባባል በአገራችን የማያውቅ የለም። ለዚህ ሙያ ሰዎች ግን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ በልክ ያለ መልሶ ይሠራል።